ዋንዛዬን አደራ

ካናል ዊንቸስተር፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2020

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ አፀደ፣

አምላክ ከነጎረቤቶችሽ፣ ከነዶሮዎችሽ በሰላም ያቆይሽ። እኔም፣ ባለቤቴ ቢታንያም፣ ልጃችን የአብሥራም ደህና ነን። ይህ በሽታ የመጋዘናችንን ግማሽ ሰው አስተኝቶት ከረመ፤ እኛን እስካሁን አልፎናል፤ ምስጋና ለእርሱ።

ጆሮሽ ስልክ አልቀበል ካለ ወዲህ መጻፍ ለመድኩ። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አሁን ግን ኒው አልባኒ ስሠራ ውዬ ወደ ቤት ስነዳ ለአንቺ የምጽፈውን በልቤ እያሰናዳሁ ነው የምመጣው።

ትልቁን ወሬ ልንገርሽ። ቤት ገዛን! ኦገስት ላይ ገባን። ቤቱስ ቤት ነው፤ ጉዱ ግቢው ነው። የአባታችን ግቢ ሁለት ጊዜ ይገባበታል፤ ከዚያም ለዶሮዎችሽ ቦታ ይተርፋል። የመጋዘን ባልደረባዬ አብዱረዛቅ አይቶ «እዚህ ውስጥ እኮ ኳስ ሜዳ ይወጣል» አለኝ። እኔ ግን ኳስ አላሰብኩም። መሐሉ ላይ ዋንዛ ልተክል ነው። የአገሬን ዛፍ! ከራሴው ዋንዛ ሥር ፍሬ ለቅመሽ ላኪልኝ። ለየአብሥራ «እኔ ስወለድ አባቴ እትብቴን ቀብሮ እላዩ ላይ ዋንዛ ተከለ» ስላት «ዳድ፣ ዛትስ ሶ ዊርድ» አለችኝ፤ ምን ጉድ ነው ማለቷ ነው። አድጎ ጥላው ሥር ስትቀመጥ ይገባታል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ አንድ ትልቅ የማይረባ ዛፍ ይዞታል። ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፤ ትል በልቶ ወንፊት አድርጎታል። ከየቅርንጫፉ የረዘመ አደንጓሬ የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። በረዶው ሲያልፍ አስቆርጠዋለሁ።

ሌላ ምን እላለሁ። ጤናሽን ጠብቂ። ዋንዛዬን አደራ።

ወንድምሽ ደጀን

*

ወንዶ ገነት
ኅዳር 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደጀን፣

ቤቱን የበረከት ያድርግላችሁ፤ ደጃፉ እንግዳ አይጣ። ወሬውን ሳነብ እልል ስል የጎረቤቴ ልጅ ሩሃማ ምን ተገኘ ብላ እየሮጠች መጣች። እኔ ደህና ነኝ።

ስለ ዋንዛው ግን ፍቀድልኝና ልሳቅ። ልጅ ሆነህ ችግኝ አጠጣ ስትባል ውኃውን እግርህ ላይ አፍስሰህ «ጨረስኩ» ትል የነበርከው ልጅ ዛሬ አትክልተኛ ሆነ? ደግ ነው። እንግዲያው ስማኝ። ችግኝ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሥራ አንዱን በካቦነት። አዲስ ቦታ ስንላክ መጀመሪያ ጉድጓድ አንቆፍርም ነበር። አፈሩ በራሱ ያበቀለውን ዞረን እናይ ነበር። የዚያ አገር አፈር የራሱ ዛፍ ምንድነው? ጠይቀሃል? ዋንዛ ብርድ አይችልም። እዚሁ አገራችን ደጋ ላይ እንኳ ውርጭ ሲያገኘው ይጠቁራል።

ልሞክር ካልክ አልከለክልህም። ፍሬው ገና ነው። አሁን አበባ ላይ ነው፤ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል፤ የንቡን ጩኸት እኔ እንኳ እሰማዋለሁ። የካቲት ላይ እለቅምልሃለሁ።

ዛፉ ግን አርጅቷል፣ ደጀኔ። ነሐሴ ላይ ትልቁ ቅርንጫፍ ወድቆ የሳሎኑን ቆርቆሮ ሰብሯል። ግንዱም ወደ መኝታ ቤቱ ዘንበል ብሏል። ለማ እንጨት ሰንጣቂው ዞሮ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ምንም አላልኩም፤ ዛፉ ባለቤት አለው። አንተ ምን ትላለህ?

ቢታንያንና ልጄን ሳምልኝ።

እህትህ አፀደ

*

ካናል ዊንቸስተር
ጃንዋሪ 30 ቀን 2021

ይድረስ ለእትዬ አፀደ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ ልልሽ ነበር፤ ደብዳቤሽ ሁለት ወር መንገድ ላይ ቆይቶ በዓሉ አለፈን። ለከርሞው ያድርሰን።

ስለ ቅርንጫፉ አታስቢ። ያረጀ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጥላል፤ ማገዶ ይሆንሻል። ለቆርቆሮው የሚሆን ትንሽ ነገር በሩሃማ ስም ልኬያለሁ። ለማ እንደሆነ ሥራው እንጨት ነው፤ የዋንዛ ጣውላ ስንት እንደሚያወጣ እያሰበ ራሱን ቢነቀንቅ ምን ይገርማል!

እኔ ዝግጅቴን ጨርሻለሁ። ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ለችግኝ የሚሆን ሐምራዊ መብራት ሰቅያለሁ። ቢታንያ «ጎረቤት ሌላ ነገር የሚበቅል መስሎት ፖሊስ እንዳይጠራብን» ብላ መስኮቱን በአንሶላ ጋረደችው። ከቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ዓለምነሽ ለሐዘን አዋሳ መጥተዋል፤ በማርች ይመለሳሉ፤ ፍሬውን በእሳቸው እጅ ላኪልኝ።

ያንን ዛፍ ፎቶ አንስቼልሻለሁ፤ እዪው እስቲ። ቅጠሉ ረግፎ ያ አደንጓሬው ብቻ ቀርቷል። እየወደቀ ግቢውን አቆሽሾታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መልቀም ሥራ ሆኖብኛል። የአገሩን ዛፍ ጠይቅ ብለሽኝ ነበር፤ ይህ ከሆነ የአገሩ ዛፍ ለአገሩ ይሁንለት። ኤፕሪል ላይ ቆራጩ መጋዙን ይዞ ይመጣል።

ሰላም ሁኚልኝ። ዋንዛዬን አደራ፤ በደንብ ያዢልኝ።

ደጀን

*

ወንዶ ገነት
የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለደጀን፣

ቸርነቱ ከቤትህ አይራቅ። ፍሬውን እትዬ ዓለምነሽ ይዘውልሃል። አርባ ነው። ሥጋውን የሰፈር ልጆች መጥጠው ጨርሰውልኛል፤ እኔ አጥቤ ጥላ ላይ አደረቅሁት። አፈርና አሸዋ እኩል አድርግ፤ ከአንድ የጣት አንጓ በላይ አትቅበረው፤ እርጥበት አይለየው። ከወር እስከ ሁለት ወር ዝም ይልሃል። እየጫርክ አትየው፤ ጠባይህን አውቃለሁ። አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ችግኝ ላስቲክ ታዛውረዋለህ። ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ታለማምደዋለህ፤ ጥላውንም ውኃውንም በየቀኑ እየቀነስክ።

ፎቶውን አየሁት። ቆራጩን መልሰው። በነሐሴ ገብተህ በጥር ትፈርድበታለህ? አበባውን አይተሃል? አላየህም። በእኛ ሥራ አንድ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ሳይታይ መጥረቢያ አይነሣበትም ነበር። ያን የሚያህል ዛፍ ያን ሁሉ በረዶ ችሎ ከቆመ ከአንተ ይልቅ እሱ ነው ቤተኛው።

ቆርቆሮው ተሠርቷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ቆርቆሮ አልጠየቅኩህም ነበር። ደብዳቤዬ እጅህ ላይ ካለ መጨረሻውን ድገመው። ለማ እጄን ግንዱ ላይ አስደግፎ በመዶሻ መታው። ባልሰማም በመዳፌ ታወቀኝ፤ ውስጡ ባዶ ነው። «ክረምት ሳይገባ ቢሆን» አለኝ። የደጀን ነው አልኩት።

እህትህ አፀደ

*

ካናል ዊንቸስተር
ጁን 14 ቀን 2021

ይድረስ ለእትዬ አፀደ፣

እጅሽን እስመዋለሁ! ቆራጩን ባልመልሰው ኖሮ ዕድሜ ልኬን አላውቀውም ነበር።

ያ የናቅሁት ዛፍ አበበ። ያውም እንዴት! ዐርብ ከሥራ ስመለስ ከመንገድ ጀምሮ አንድ ነጭ ነገር ታየኝ፤ ጎረቤት ድንኳን የጣለ መሰለኝ። የራሴ ግቢ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ ወደ ውስጥ ስታዪው ቢጫና ሐምራዊ ጣል ጣል አለበት። ንቡ ወረረው። ቅጠሉስ? አዲሱ ቅጠል ሲወጣ ቁርጥ የዋንዛ ቅጠል! የአብሥራ በስልኳ አንስታ «ካታልፓ ይባላል፣ ዳድ፤ ኔቲቭ ነው ይላል» አለችኝ። የዚሁ የመሐል አሜሪካ የራሱ ዛፍ ነው ማለት ነው። እሑድ እሷና ጓደኞቿ ብርድ ልብስ አንጥፈው ጥላው ሥር ዋሉ፤ አበባው ፀጉራቸው ላይ ይወርዳል። እኔ ኩሽና ቆሜ በመስኮት እያየሁ እንባዬ መጣ። ቢታንያ ሳቀችብኝ፤ ትሳቅ።

ዋንዛውም አላሳፈረኝም። ከአርባው ዘጠኝ በቀለ፤ ሰባቱ ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት እየቆጠርኳቸው ነው ወደ ሥራ የምሄደው። ከካታልፓው ፊት ለፊት ቦታ ለይቼላቸዋለሁ።

ስለ ለማ የጻፍሽውን አነበብኩ። «የደጀን ነው አልኩት» ስትዪ እንዴት እንደኮራሁ! አንቺ ባትኖሪ ይሄኔ ጣውላ አድርገውት ነበር። ዋንዛዬን አደራ፣ እትዬ፣ አደራ።

ደጀን

*

ወንዶ ገነት
ጥቅምት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለደጀን፣

ጤና ይስጥልኝ። ጽሕፈቱ የሩሃማ ነው፤ ቃሉ የእኔ። እጄን ትንሽ ነካ አድርጎኛል፤ አትጨነቅ። መልሴ የዘገየው በዚሁ ነው።

ክረምቱ ከባድ ነበር፤ አለፈ። ዋንዛህ ቆሟል። ካታልፓው በማበቡ ደስ ብሎኛል።

ችግኞቹን ወደ ቤት አስገባ። ይህ ሳይደርስህ ብርዱ እንዳይቀድመኝ እሰጋለሁ።

ሌላ የምልህ ነበረኝ፤ በሰው እጅ ግን አላጽፈውም።

አፀደ

*

ካናል ዊንቸስተር
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ አፀደ፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ይቅርታሽን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ቀላሉን ልናገር። ችግኞቹ ሞቱ። «ታለማምደዋለህ» ብለሽ ጽፈሽልኝ የለ? እኔ ደግሞ ይህን የኦሃዮ ብርድ ይልመዱ ብዬ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ውጭ አሳደርኳቸው። በሦስተኛው ቀን እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆነው አገኘኋቸው። ሰባቱም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በወሩ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ሳስብ ጊዜው ሄደ።

አሁን ከባዱን። አብዱረዛቅ እናቱን ሊጠይቅ ሻሸመኔ ሄዶ ባለፈው ሳምንት ተመለሰ። ያን ሹራብ በእሱ እጅ ልኬልሽ አልነበር? ሰኞ አብረን ወደ ሥራ ስንነዳ እንዲህ ተባባልን።

«ሲስተርህን አገኘኋት» አለኝ።

«እንዴት ናት?»

«ፋይን ናት። ሻይ አፍልታ፣ ሙዝ ቆርጣ... በጣም ጨዋ ሴት ናት። ግን ብሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምንድነው ኪችን ውስጥ የምትተኛው?»

«የምን ኪችን?»

«ግቢው ጥግ ያለችው ማድ ቤት። አልጋዋ እዚያ ነው። ትልቁ ቤት ባዶ ነው፤ በሩ ተቆልፏል። ያቺን የጎረቤት ልጅ አስክ አደረግኳት። ዛፉ እንዳይወድቅባት ነው አለችኝ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እጇም የተሰበረው ባለፈው ክረምት ነፋስ ተነሥቶ ግቢውን ለቃ ስትሮጥ ጭቃ አንሸራትቷት ነው።»

«ተሰበረ? ነካ አደረገኝ ነው ያለችኝ።»

«ተሰብሯል፣ ብሮ። ተጣምሞ ነው የገጠመው።»

«ታዲያ ዛፉን ለምን አታስቆርጠውም?»

አብዱረዛቅ መልሶ አየኝ። «እኔም እንደዚያ አልኳት። የወንድሟ አደራ ነው፤ ካልፈቀደ አትነካውም አለችኝ። ወንድሟ አንተ አይደለህ እንዴ?»

መኪናውን ዳር አወጣሁት። መንዳት አልቻልኩም። አብዱረዛቅ ቁልፉን ተቀብሎኝ እሱ ነዳ።

ማታ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ዘርግቼ አነበብኩ። በየአንዳንዱ ጽፈሽልኛል፤ «ምን ትላለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቀሽኛል። እኔ ስለ ሐምራዊ መብራት ነበር የምመልስልሽ! የራሴ ደብዳቤዎች ቅጂ የለኝም፤ ግን ሁሉንም በምን እንደዘጋኋቸው አውቃለሁ። እትዬ፣ እውነቱን ልናገር፤ እንደ ሰላምታ ነበር የምጽፈው። «ሰላም ሁኚ» እንደማለት። አንቺ በዚያ ቃል ታስረሽ ከቤትሽ እንደወጣሽ አንድ ቀን አላሰብኩም። ለምን ግን ቁርጥ አድርገሽ «ይወድቅብኛል» አላልሽኝም?

ለሩሃማ ደውዬ «ይቆረጥ ብሏል በያት» አልኳት። መልሳ ደወለችና «ከልጅ አፍ አልቀበልም፤ የሰጠው ራሱ ነው፤ ራሱ በእጁ ጽፎ ያንሣ ብለዋል» አለችኝ። ይኸው፦

እኔ ደጀን፣ በተወለድኩ ጊዜ አባታችን የተከሉትን ዋንዛ እህቴ አፀደ እንድታስቆርጠው ፈቅጃለሁ። አደራዬን ከጫንቃሽ አንሥቻለሁ። ፈርሜያለሁ።

በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። ክረምት ሳይገባ፣ እባክሽ።

ጥፋተኛው ወንድምሽ ደጀን

*

ወንዶ ገነት
ሚያዝያ 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደጀን፣

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ፤ ልጅህን ያሳድግልህ። ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ከተጣመመ እጄ ስለተጣመመ ነው።

ወረቀትህ ደረሰኝ። አጥር ግቢው ውስጥ እንጨት ሰንጣቂውን ለማንና ሁለት የዕድር ሽማግሌዎችን አስቀምጬ ሩሃማ ጮክ ብላ አነበበችው። ፊርማህን አሳየኋቸው። ለማ ግን ወዲያው አልጀመረም፤ ካህን እስኪጠይቅ፣ ገመድ እስኪዋስ፣ መጋዝ እስኪያሞርድ ወር አስቆጠረኝ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቆረጠው። ሁለት ቀን ፈጀ። ቅርንጫፉን አንድ በአንድ በገመድ እያወረዱ፣ መጨረሻ ግንዱን ወደ አትክልቱ በኩል ጣሉት። ሲወድቅ መሬቱ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ውስጡ ሰው ያቆማል። ሩሃማ ገብታ ቆማ አሳየችኝ። ለማ ላቡን እየጠረገ «እትዬ፣ ይህ የዘንድሮን ሐምሌ አያይም ነበር» አለኝ። ደህና የወጣው እንጨት ጥቂት ነው፤ ለድካሙ ሰጠሁት። ጉቶውን አላስነቀልኩም፤ እትብትህ እዚያ ነው።

አልጋዬን መለስኩ። ትናንት ሌሊት ከባድ ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አልሰማሁትም፤ ጠዋት ተነሥቼ ጭቃውን ሳይ ነው የዘነበ መሆኑን ያወቅሁት። እንደዚያ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ!

ለምን አልነገርሽኝም ብለሃል። ነግሬሃለሁ፣ ደጀኔ። ጠየቅኩህ፤ ቆርቆሮ ላክህልኝ። ደግሜ ጠየቅኩህ፤ ኮራሁ አልከኝ። ከዚያ በላይ ልመና ሆነብኝ። የሰው አደራ ይዤ ባለቤቱን «ከብዶኛልና ውሰድልኝ» ማለት አሳፈረኝ። አጉል ኩራት ነው በለኝ፤ ልክ ነህ። እጄ ሲሰበር መጀመሪያ ያሰብኩት «አሁንስ ይጠይቀኛል» ብዬ ነው። አልጠየቅከኝም። ነካ አደረገኝ ስላልኩ ነካ ያደረገኝ መሰለህ።

ከተናገርኩ ይውጣልኝ። ዛፉ በተጣለ ቀን ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ሩሃማ ለዋንዛው መስሏት አባበለችኝ። ለዋንዛው አልነበረም። የዋንዛ ችግኝ ስንት ሺህ አፍልቼ ሰጥቻለሁ፤ ሲተከልም ሲቆረጥም አይቻለሁ። ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። ደብዳቤዎችህን እንደ አንተው ዘርግቼ አንብቤያቸው ነበር። ያበበበትን ቀን፣ የበቀለውን ቁጥር፣ የመብራቱን ቀለም ሳይቀር ጽፈህልኛል። ዛፉን ሳትጠይቅ የዘጋኸው አንድ ደብዳቤ የለም። እኔንም ጠይቀኸኛል፤ ነገር ግን ሰላምታው ላይ ነው፤ ሰላምታ ለማንም ይጻፋል። ምን እንደምበላ፣ ከማን ጋር እንደምውል፣ የት እንደምተኛ አንድ ቀን አልጠየቅከኝም። የት እንደምተኛ የጠየቀው አብዱረዛቅ ነው።

አልረገምኩህም፤ አልረግምህምም። በዚህ እጄ ያሳደግሁህ ነህ። ችግኞቹ በመሞታቸውም አዝኛለሁ፤ እንደደከምክባቸው አውቃለሁ።

እንግዲህ ዛፉ የለም። አሁን ስትጽፍልኝ ምን ብለህ እንደምትጠይቀኝ አያለሁ።

እህትህ አፀደ